በበዓላት ዝርዝር መካከል የተጻፈ ቃርሚያ

የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 የበዓላት ምዕራፍ ነው። እግዚአብሔር በሙሴ በኩል ለእስራኤል ልጆች የሰጣቸው ቀናት በየተራቸው ተዘርዝረውበታል፤ አስቀድሞ ሰንበት፣ ቀጥሎ በመጀመሪያው ወር በ14ኛው ቀን ፋሲካ፣ ሰባት ቀን የሚዘልቀው የቂጣ በዓል፣ የበኵራት ነዶ የሚቀርብበት ዕለት፣ ኀምሳ ቀን ተቈጥሮ የሚከበረው የመከር በዓል፣ ከዚያም በሰባተኛው ወር መለከት የሚነፋበት ቀን፣ የማስተስረያ ቀንና የዳስ በዓል። የመሥዋዕቱ ዐይነት፣ የዱቄቱ ልክና የጠቦቱ ቍጥር ሳይቀር ተጽፏል። ይሁን እንጂ ኀምሳኛው ቀን ካበቃ በኋላ፣ የመለከቱ ቀን ከመጀመሩ በፊት፣ ስለ በዓል አንድ ቃል የማይናገር ቍጥር ጣልቃ ይገባል። ቍጥር 22፣ እህላችሁን ስታጭዱ የእርሻችሁን ዳርቻ አሟጥጣችሁ አትጨዱ፣ ቃርሚያውንም አትልቀሙ፣ ለድኻውና ለመጻተኛው ተዉት ይላል።

ይህ ትእዛዝ ቀደም ሲል በምዕራፍ 19 ተሰጥቶ ነበር፤ ስለዚህ እዚህ የተደገመው አዲስ ሕግ ለመስጠት አይመስለኝም። በበዓላቱ መካከል የገባው የበዓላቱ አካል ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ መጽሐፍ ቅዱስ በዓላት መንፈሳዊ ትርጕም የሚጻፈውንና የሚሰበከውን ስከታተል ብዙውን ጊዜ የማገኘው የምሳሌ ትርጓሜ ነው፤ የፋሲካው በግ ክርስቶስን፣ የበኵራቱ ነዶ ትንሣኤውን፣ ኀምሳኛው ቀን የመንፈስ ቅዱስን መውረድ እንደሚያመለክቱ ይነገራል። ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ «ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዷልና» ሲል ይህን መንገድ ስለከፈተልን ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ምሳሌውን ለመፍታት ስንጣደፍ ቍጥር 22ን ዘልለነው እናልፋለን። እኔ ደግሞ ቅዱስ ጊዜ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሌላ ሰው ዕረፍትና የሌላ ሰው እንጀራ የሌለበት ሆኖ የተሰጠበትን አንድ ስፍራ እንኳ አላገኘሁም።

ነገሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሙሴና አሮን ፈርዖን ፊት ቀርበው በእግዚአብሔር ስም ያቀረቡት የመጀመሪያ ጥያቄ ሕዝቡ በምድረ በዳ በዓል እንዲያደርግ ይለቀቅ የሚል ነበር። የፈርዖን መልስ የታወቀ ነው፤ ሥራ ቢፈቱ ነው እንዲህ የሚሉት ብሎ ጭድ እንዳይሰጣቸው፣ የጡቡ ቍጥር ግን ከዕለት ዕለት ምንም እንዳይጐድል አዘዘ። በሙሴና በፈርዖን መካከል ጠቡ የተነሣው እንግዲህ በዓል በመጠየቁ ነው። ባሪያ የራሱ ቀን የለውም፤ ቀኑ የሚቈጠረው ባስረከበው ጡብ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 12፣ ሕዝቡ ገና ከግብፅ ሳይወጣ፣ ባሕሩም ሳይከፈል፣ «ይህ ወር የወሮች መጀመሪያ ይሁናችሁ» የሚል ቃል ይመጣል። ለእነዚያ ጡብ ሠሪዎች ከመሬት በፊት፣ ከንጉሥ በፊት፣ ከቤተ መቅደስም በፊት የተሰጣቸው ዘመን መቍጠሪያ ነበር። ገና የፈርዖን እጅ ላይ ሳሉ ጊዜያቸው ከፈርዖን እጅ ወጣ።

በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ደግሞ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ሥርዐት አለ። በጉ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚበዛ ቢሆን የቤቱ ባለቤት በአጠገቡ ካለው ጎረቤቱ ጋር እንደ ነፍሶቹ ቍጥር ይካፈል ይላል፤ ከሥጋውም እስከ ነገ አንዳች አታስቀሩ ተብሏል። ሊከማች የማይችል፣ ከጎረቤት ጋር ሊበላ የተወሰነ ማዕድ ነው የፋሲካው ማዕድ። በጉ ክርስቶስን ያመለክታል የምንል ሰዎች ጎረቤቱንም ከምሳሌው ውስጥ ልናወጣው አንችልም።

ስለ ሰንበት ስናስብ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር እናገኛለን። ቀንን ፀሐይ ትለየዋለች፤ ወርን ጨረቃ ትቈጥረዋለች፤ ዓመትን ክረምትና በጋ ይመልሱታል። ሳምንትን ግን በሰማይ ላይ የሚያሳይ አንዳች ብርሃን የለም። ሰባተኛው ቀን መድረሱን የሚያውቀው ሰው ከቃል የሰማና የሚቈጥር ሰው ብቻ ነው። ኦሪት ዘፍጥረትም በመጽሐፍ ቅዱስ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀደሰው» የሚለውን ቃል የተጠቀመው ለቦታ ወይም ለዕቃ አልነበረም፤ ለዚህ ምልክት ለሌለው ቀን ነበር። ይህም ቀን ልክ እንደ ሌሎቹ ቀናት የሚጀምረው ከማታ ነው። «ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ» የሚለው የፍጥረት አቈጣጠር በማስተስረያው ቀን ሕግ «ከማታ ጀምራችሁ እስከ ማታ» ተብሎ ተደግሟል፤ በእኛም ቤተ ክርስቲያን በዓል በዋዜማው ይገባል። የሰው ቀን እንግዲህ ከእንቅልፍ ይጀምራል፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ግማሹ ቀን ያለ እርሱ ድካም ያልፋል፣ ሲነቃም የሚያገኘው ቀድሞ የተጀመረ ሥራን ነው። የሰንበትን ዕረፍት በዚህ መንገድ ሳየው ሥራ ካለቀ በኋላ የሚከፈል ደመወዝ እንዳልሆነ ይገባኛል።

እስራኤል ይህን የተማሩት በሲና ተራራ ከተሰጡት ዐሥርቱ ትእዛዛት አስቀድሞ በመና ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 16 እያንዳንዱ ሰው ለነፍስ ወከፍ ጎሞር በተባለው መስፈሪያ አንድ ሰበሰበ፤ ብዙ ለሰበሰበው አልተረፈውም፣ ጥቂት ለሰበሰበውም አልጐደለበትም። ለነገ ብሎ ያስቀመጠው ተላ፣ ሸተተም። በስድስተኛው ቀን ብቻ የሁለት ቀን መና ተሰበሰበ፣ ያም አልሸተተም። ሰንበት የመጣው ለሁሉም የሚበቃ መኖሩን ሕዝቡ በገዛ እጁ ከለካ በኋላ ነው። የሚበልጠውን ሰው እየፈራ፣ የነገውን እያከማቸ ያለ ሰው እጁን መሰብሰብ ከቶ አይችልም፤ ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ከማረፍ በፊት በቃኝ ማለትን ያስተምራል።

ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ የሆነው የሰንበት ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ምክንያቱ ግን በሁለቱም ስፍራ አንድ አይደለም። በዘጸአት 20 እግዚአብሔር በስድስት ቀን ሰማይንና ምድርን ሠርቶ በሰባተኛው ስላረፈ አንተም ዕረፍ ይላል። በዘዳግም 5 ግን ፍጥረት አይነሣም፤ በግብፅ አገር ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ ይላል፣ ዓላማውንም «ወንድ ባሪያህና ሴት ባሪያህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ» ብሎ ይገልጠዋል። በሬውና አህያው፣ በደጅህ ያለው መጻተኛም አብረው ተቈጥረዋል። «እንደ አንተ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ጌታው ከባሪያው የበለጠ፣ የተሻለ ወይም የቀደመ ዕረፍት የለውም፤ በዚያ ቀን ሁለቱ እኩል ናቸው።

ይህን ቃል ሳነብ በየቤታችን ያለችው የቤት ሠራተኛ ትታሰበኛለች። ፋሲካ ወይም ገና ሲደርስ ከማንም በፊት ተነሥታ ከማንም በኋላ የምትተኛ፣ ሽንኵርቱን ልጣ፣ ዶሮውን ገነጣጥላ፣ እንግዳ የበላበትን ዕቃ አጥባ በዓሉ የሚያልፍባት እርሷ ናት፤ የራሷ ቤተ ሰብ ደግሞ በገጠር ያለ እርሷ ይፈስካል። ወደ ዐረብ አገራት የሄዱ እኅቶቻችንም አሉ፤ ብዙዎቹ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት በማያገኙበት ቤት ይሠራሉ፣ እሑድ መሆኑን የሚያውቁት በስልክ ነው። አሠሪዎቻቸውን የምንወቅስበት ትእዛዝ በእኛም ቤት ላይ ተጽፏል። በዓሉን በቅዳሴና በጸሎት ያከበረ ቤት ሠራተኛዋን ሳያሳርፍ ቢቀር፣ ዘዳግም 5 ሰንበትን አከበረ አይለውም፤ እኔም ይህን ፍርድ የማለሰልስበት ምክንያት አይታየኝም።

በአገራችን የሰንበት ጉዳይ ዋጋ የተከፈለበት ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበትም ከእሑድ ጋር ትከበር ብለው ስላስተማሩ ከአገር ወጥተው በአርመን ምድር ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርቶቻቸው ለብዙ ዘመን ተገልለው ኖሩ። ክርክሩ የተቋጨው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ በመወሰኑ ነው። ስለ ቀኑ የተደረገው ክርክር በታሪክ መጻሕፍት በሰፊው ይነገራል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ምእመናን ለሰንበት ቀን ያወጡለት ሰንበቴ የተባለው ማኅበር ነው። አያቴ የሰንበቴ ማኅበርተኛ ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ ዳቦ ይደፋሉ፣ ጠላ ይጠምቃሉ፤ እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ባለው ሰንበቴ ቤት ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ በደጀ ሰላም የተቀመጡት ነዳያንም ከዚያው ዳቦ፣ ከዚያው ጠላ ይቀምሳሉ። ለነዳያን የተለየ፣ ያነሰ ዳቦ አልነበረም። ማንም እንዲህ ብሎ ሲያብራራ አልሰማሁም፤ ቢሆንም የዘሌዋውያን 23 ቍጥር 22 በኢትዮጵያ መሬት ሥርዐት ሆኖ ሲፈጸም ያየሁት በሰንበቴ ነው።

ቤተ እስራኤል የተባሉት የኢትዮጵያ አይሁድም ሰንበትን በታላቅ ጥንቃቄ ሲጠብቁ ኖረዋል። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል፣ ምግቡ አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ገላ ይታጠባል፤ በሰንበትም ቄሱ የባረኩት ዳቦ ለሁሉም ይታደላል። በዚህ ነገር ሁለቱ ማኅበረ ሰቦች፣ በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ በአንድ ቍራሽ ዳቦ ይገናኛሉ።

ወደ ኀምሳው ቀን ልመለስ። ከበኵራቱ ነዶ ዕለት ጀምሮ ሰባት ሱባዔ ተቈጥሮ በኀምሳኛው ቀን አዲስ የእህል ቍርባን ይቀርባል፤ ሁለት እርሾ የገባባቸው እንጀራዎች። ቃርሚያውን ተዉ የሚለው ቍጥር የተከተለው ይህን ነው። አይሁድ በዚህ በዓል መጽሐፈ ሩትን ያነባሉ። ሩት ሞዓባዊት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ አገሯን የተወች፣ በቦዔዝ እርሻ ከአጫጆቹ ኋላ እየተከተለች የገብሱ መከር እስኪያልቅ፣ የስንዴውም መከር እስኪያልቅ የቃረመች። የቃርሚያው ሕግ ባይኖር ሩት በዚያ እርሻ የምትቆምበት መብት አይኖራትም ነበር፤ ሩት ባትቃርም ኖሮ ደግሞ ኢዮቤድ አይወለድም፣ እሴይም፣ ዳዊትም። የነገሥታት ዘር የተገኘው ባለ እርሻው ሳያጭድ ከተወው ዳርቻ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 በዓለ ኀምሳ በደረሰ ጊዜ መንፈስ ቅዱስ ወረደ። ይህን ክፍል ስለ ልሳኑና ስለ እሳቱ እናነበዋለን፣ የሚገባም ነው። ምዕራፉ የሚያበቃው ግን ያመኑት ሁሉ ያላቸውን በአንድነት ይዘው፣ መሬታቸውንና ንብረታቸውን እየሸጡ ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው ያካፍሉ ነበር በማለት ነው። በዘሌዋውያን ከኀምሳኛው ቀን በኋላ ቃርሚያው ይመጣል፤ በሐዋርያት ሥራም ከኀምሳኛው ቀን በኋላ ማካፈሉ ይመጣል። ሉቃስ ይህን አስቦ ይጻፈው አይጻፈው ለመከራከር አልፈልግም፤ ቅደም ተከተሉ በዐይን የሚታይ ነውና።

ከሰባተኛው ወር በዓላት ላነሣ የምወደው በነህምያ ምዕራፍ 8 የተተረከውን ነው። ከምርኮ የተመለሱት በወሩ የመጀመሪያ ቀን በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰበሰቡ፤ ካህኑ ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር የሕጉን መጽሐፍ አነበበላቸው፤ ሕዝቡም የሕጉን ቃል ሲሰማ አለቀሰ። መሪዎቹ ግን ዛሬ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ቀን ነውና አታልቅሱ አሏቸው፤ ሂዱ፣ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ፣ ምንም ላልተዘጋጀላቸውም ዕድል ፈንታቸውን ስደዱላቸው ሲሉ ጨመሩ። የቀኑ ቅድስና በአንድ ዐረፍተ ነገር ከሰው ድርሻ ጋር ተያይዞ የተነገረበት ስፍራ ነው፤ «የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነው» የሚለው በየግድግዳው የምንሰቅለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ቍጥር ነው።

ስግድ የተባለው የቤተ እስራኤል በዓል ሥሩ በዚህ የዕዝራና የነህምያ ዘመን ጉባኤ ላይ ነው። ከማስተስረያው ቀን 50 ቀን ተቈጥሮ ሔሽቫን በተባለው የአይሁድ ወር በ29ኛው ቀን ይከበራል። በጎንደር አካባቢ ሳሉ ሕዝቡ ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ከቄሶቹ ጋር ወደ ተራራ ይወጣ ነበር፤ ለትሕትና ምልክት ድንጋይ የሚሸከሙም ነበሩ፤ ኦሪት ተነቦ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ተለምኖ ሲያበቃ ወርደው በአንድነት ይበሉ ነበር። ዛሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ ይከበራል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት በሕግ የአገሪቱ በዓል አድርጎታል። የለመኑት ከደረሰላቸው በኋላም ልመናውን አልተዉትም፤ ይህ እኔን እጅግ ይነካኛል።

ነቢያት በበዓላት ላይ የተናገሩት ቍጣ የሚገባን ይህን ሁሉ ከያዝን ነው። አሞጽ በምዕራፍ 8 የሚወቅሳቸው ነጋዴዎች ሰንበትን የሻሩ አልነበሩም። ሱቃቸውን ዘግተዋል፤ ሰንበቱ መቼ ያልፋል፣ ስንዴውንስ መቼ እንከፍታለን እያሉ ግን ይቈጥራሉ፤ መስፈሪያውን ሊያሳንሱ፣ ሚዛኑን ሊያዛቡ፣ ድኻውን በጥንድ ጫማ ሊገዙ፣ የስንዴውንም ግርድ ሊሸጡ። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ጾምን የበደልን እስራት መፍታትና ለራብተኛ እንጀራ መቍረስ ነው ካለ በኋላ በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ሰንበትን ደስታ ብለህ ጥራው ይላል፤ አይሁድም ይህን ምዕራፍ በማስተስረያው ቀን ጧት ያነቡታል። ነህምያ ደግሞ በምዕራፍ 13 በሰንበት ነጋዴ እንዳይገባ የኢየሩሳሌምን በሮች ያዘጋ ነበር፤ በምዕራፍ 5 ግን ልጆቻቸውን ለባርነት የሰጡ፣ እርሻቸውን በዕዳ ያስያዙ ድኾች ሲጮኹ ሰምቶ አበዳሪዎቹ እርሻውንና ወይኑን እንዲመልሱ አድርጎ ነበር። በሩን የመዝጋት ሥልጣን ያገኘው ዕዳውን ካስመለሰ በኋላ ነው ብዬ አነበዋለሁ።

ጌታችን በሰንበት ያደረጋቸው ፈውሶችም ሰንበትን ለመሻር እንደ ተደረጉ አድርጎ ማንበብ አይስማማኝም። በሉቃስ 13 ለ18 ዓመት የጐበጠችውን ሴት ባቀና ጊዜ የምኵራቡ አለቃ ሌሎቹ ስድስት ቀናት አሉ፣ በእነርሱ መጥታችሁ ተፈወሱ አለ። ጌታ የመለሰለት ከራሱ ከሰንበት ሕግ ነው፤ በሬውን ወይም አህያውን ከግርግም ፈትቶ ውኃ የሚያጠጣ ሰው፣ ይህች የአብርሃም ልጅ በሰንበት ቀን ከእስራቷ ልትፈታ አይገባምን ብሎ ጠየቀ። በዘዳግም በሬውና አህያው ከባሪያው ጋር በዕረፍቱ ተቈጥረው ነበር፤ ሰንበትም የግብፅ እስራት መፈታት መታሰቢያ ነበር። መፍታቱ እንግዲህ ለሰንበት ከሚገባ ሥራ ሁሉ ይበልጥ የሚገባው ነው። በናዝሬትም ምኵራብ ከኢሳይያስ መጽሐፍ ለታሰሩት መፈታትን፣ የተወደደችውንም የጌታን ዓመት የሚያውጀውን ክፍል ያነበበው በሰንበት ቀን ነበር።

ያች የተወደደች ዓመት ኢዮቤልዩን ታስታውሰናለች። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት እያንዳንዱ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ ይመለሳል፤ ለዕዳ የተሸጠ ነጻ ይወጣል። ዘሌዋውያን 25 መለከቱ የሚነፋበትን ቀን ለይቶ ተናግሯል፤ የማስተስረያ ቀን ነው። ሊቀ ካህናቱ ስለ ሕዝቡ ኀጢአት ባስተሰረየበት በዚያው ዕለት፣ በመላው አገር ለሰው ነጻነት ይታወጃል። የእግዚአብሔርን ይቅርታ በጧቱ ተቀብሎ የወንድሙን መሬት በማታ ይዞ መቅረት ለማንም አልተፈቀደም።

ሕጉ የሰውን ልብ በደንብ ያውቀዋል። ዘዳግም 15 ዕዳ የሚቀርበትን ሰባተኛ ዓመት ካዘዘ በኋላ ወዲያው ያስጠነቅቃል፤ ሰባተኛው ዓመት ቀርቧል ብለህ በልብህ ክፉ አስበህ ድኻ ወንድምህን ከማበደር እጅህን እንዳትመልስ፣ እርሱ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፣ በአንተም ላይ ኀጢአት ይሆንብሃል ይላል። ያ አበዳሪ ቀን መቍጠሪያውን ከማንም አሳምሮ ያውቃል፤ ቅዱሱ ዓመት መቅረቡን አልዘነጋም። የሚቈጥረው ግን የሚቀርበትን ገንዘብ ነው፤ ሕጉ ደግሞ እንዲቈጥር የፈለገው ደጁ ላይ የቆመውን ወንድሙን ነበር።